አባቴ ያስታረቁኝ ቫይረስ

የጋይንት ሽማግሌ ማውዝ መንካት የለበትም። አዎ፣ ብያለሁ! የምትቀየሙኝ ተቀየሙኝ። እኛ አገር ሽማግሌ የሚባለው «እምቢ» የምትለዋን ቃል ከአፉ አውጥቶ የጣለ ሰው ነው። ኮምፒውተር ደግሞ ቀኑን ሙሉ «እሺ በሉኝ» እያለ የሚለማመጥ ዕቃ ነው። ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ትታችሁ ስትመለሱ ምን እንደሚጠብቃችሁ እኔ ልንገራችሁ።

አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በከተማችን በአርብ ገበያ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ድንበርተኛ ሲካሰስ፣ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ወንድሜ ከባሕር ዳር አሮጌ ኮምፒውተር የላከልን ሰሞን «መዝሙር ማጫወቻ ላውርድ» ብለው ቁጭ አሉ። ማጫወቻው ብቻውን አልመጣም። «ይሄንንም ልጫን?» ይላል፤ አባባ «እሺ።» «ጓደኛዬንም ላስገባ?» «ይግባ እንጂ፣ ደጅ ሊያድር ነው?»

ገባላችሁ! በማግስቱ ኢንተርኔት ስከፍት፣ ከላይ የማላውቃቸው ቁልፎች በረድፍ በረድፍ ተደርድረው፣ ለእኔ የተረፈችኝ መዳፍ የምታህል ቦታ ናት። የኮሌጅ ስም ስጽፍ የቦርጭ ማጥፊያ ያመጣል። ደግሜ ስጽፍ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ መኪና ደርሶዎታል!» … አህያ እንኳ ያልደረሰኝን ሴትዮ!

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ግን ባሕር ዳር ነርስነት ልማር የምመዘገበው በዚሁ ኢንተርኔት ነው፤ ምዝገባው የሚያበቃው ደግሞ የዚያኑ ዕለት ማታ። ካመለጠኝ ዓመቱን ሙሉ «ትርንጎ፣ መቼ ነው የምታገቢው?» ከሚሉኝ ሴቶች ስሸሽ ልከርም ነው።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«ጠላፊ ነው» አለኝ። «መንገድሽን አስትቶ ወደ ራሱ ቤት ነው የሚወስድሽ። ፕሮግራሞቹ ያሉበት ግቢና አንድ በአንድ አጥፊያቸው።»

ገባሁና የመጀመሪያውን «ውጣ» አልኩት። አይወጣም! የሚያለቅስ ፊት ደቀነብኝ፤ ከሥሩም እንግሊዝኛ ዘረገፈ። አባባ መነጽራቸውን አድርገው ከኋላዬ መጡ።

«‹በመለያየታችን አዝነናል፤ ምን አጠፋን?› ነው እኮ የሚለው» አሉ፤ ድምፃቸው ሰለል አለ።

«አባባ፣ ሌባ ነው!»

«ሌባ ምን አጠፋሁ ብሎ ይጠይቃል? ረጋ በይ፣ እናነጋግረው።»

ደግሜ ተጫንኩ። «እርግጠኛ ነዎት?» አለ።

«ይኸው! ሁለተኛ ለመነሽ።»

አሁንም ተጫንኩ። «እባክዎ አንድ ዕድል ብቻ!»

ከዚህ በኋላማ አባባን ማን ይያዛቸው! እኛ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተለምኖ እምቢ ያለ ሰው፣ ሐዘን ቢደርስበት እንኳ ለቅሶ ደራሽ አያገኝም። ማውዙን ከእጄ ነጥቀው «ይቆይ» የሚለውን ጠቅ!

«በቃ፣ ታረቃችሁ!» አሉኝ።

ልሳመው ይሆን? ጠልፎ ሲያበቃ ሽማግሌ የሚልክ ወንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር … ለካ ኮምፒውተርም ይችልበታል!

በዚህ ዓይነት ከሁሉም ጋር አስታረቁኝ። አንዱማ ዕርቁ ሞቅ አድርጎት መሰለኝ፣ ሌላ ጓደኛ ጨምሮ ተመለሰ። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው። እንባዬ መጣ፤ ማልቀስ ስለማልወድ ግን ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። ምናልባት እሱ ይሆናል አእምሮዬን ያነቃው።

«አባባ፣ ለመሆኑ የዚህ ሰውዬ ዋስ ማን ነው?»

«ዋስ?»

«አዎ፣ ዋስ! እርስዎ ያለ ዋስ አስታርቀው ያውቃሉ? ነገ ደግሞ ቢያጠፋ ማንን ልንይዝ ነው?»

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉ፣ መልሰው አደረጉ። ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች መረመሩት። የባለቤቱ ስም የለ፣ አገሩ የለ፣ የሚያውቀው ሰው የለ።

«ያለ ዋስ ነው እንዴ ቤቴ ያደረው?! አምጪ ማውዙን!»

ብታዩአቸው! ቆመው ነበር የሚጫኑት። «እርግጠኛ ነዎት?» «እንዴታ!» «እናዝናለን …» «እዘን!» «አንድ ዕድል ብቻ …» «ዋስህን ጥራ!» እናቴ ጩኸቱን ሰምታ ከጓዳ ዱላ ይዛ ወጣች። ኮምፒውተሩን አጥፍተን ስናበራው ንጹሕ! የኮሌጁ ገጽ ወለል ብሎ መጣ።

ኔትወርኩ እየተንፏቀቀ፣ እኔ እየተቁነጠነጥኩ፣ ስሜን፣ ውጤቴን፣ ጉርድ ፎቶዬን አስገብቼ ጨረስኩ። ሊላክ ሲል አንዲት ጥያቄ ብቅ አለች፦ «ለመላክ እርግጠኛ ነዎት?» ውሃ ልጎነጭ ዘወር ከማለቴ … ጠቅ!

«አባባ! ምን አደረጉ?»

«ደግሞ መጥቶ ነበር እኮ» አሉ፣ እጃቸውን እያራገፉ። «‹ሰርዝ› ብዬ አባረርኩት።»

የሞላሁት ሁሉ ድራሹ የለም! እንደ አዲስ ሀ ብዬ ጀመርኩ። ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ያቺው ጥያቄ መጣች። እናቴ የአባባን ሁለት እጆች ጥርቅም አድርጋ ይዛ፣ እሳቸው በትከሻዬ ላይ አንገታቸውን አስግገው «ኧረ ትርንጎ፣ ዋሱን ሳትጠይቂ!» እያሉ … «እሺ»ን ተጫንኳት።