የሲዲ ቁጥር 117 ክቡር ማሸጊያ

ድስት ያለ ክዳን፣ ሙሽራ ያለ ሚዜ፣ ሲዲም ያለ ማሸጊያ አያምርም። ይህን ታላቅ እውነት ለሰው ልጅ ያበረከተው አንድ የድሬዳዋ መሥሪያ ቤት ነው፤ ትሑት ስለሆነ ስሙን አንጠራውም። መሥሪያ ቤቱ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ትዝታቸውን የተናገሩባቸው ሦስት መቶ አርባ ሲዲዎች አሉት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የጠበቀቻቸው የመዝገብ ቤቷ ዝናሽ ክፍሉ ናት። የጠበቀችበት ዘዴ ግን፣ ለመናገርም ያሳፍራል፣ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። እያንዳንዱን ሲዲ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ቆርቆሮዎቹን ከጠረጴዛዋ ሥር፣ ከውኃው ገንቦ አጠገብ፣ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ትደረድራለች። አንድም ሲዲ ተበላሽቶ አያውቅም። ይህ ውጤት ያለ ጥናት የተገኘ በመሆኑ ተቀባይነት አልነበረውም።

ኃላፊው አቶ ኒቆዲሞስ አንድ ቀን የወደቀ ብዕራቸውን ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ ቆርቆሮዎቹን አዩና ደማቸው ፈላ።

«ዝናሽ! ቅርስ በብስኩት ቆርቆሮ?»

«ብስኩቱ እኮ ካለቀ ቆየ፣ ጋሼ።»

«ነገ እንግዳ ቢመጣ ምን ይለናል?»

«እንግዳ መጥቶ አያውቅም።»

«የማይመጣው በዚሁ ምክንያት ይሆናላ!»

በማግስቱ የሲዲ ማስቀመጫና ማሸጊያ መራጭ ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። አቶ ኒቆዲሞስ ሰብሳቢ፣ የግዢው አየነው ጸሐፊ፣ የሕዝብ ግንኙነቷ ፋርሒያ አባል ሆኑ። ዝናሽ አልተካተተችም፤ ሲዲዎቹን ስለምታውቃቸው ገለልተኛ ልትሆን አትችልም ተባለ። ኮሚቴው በአራት ወር አሥራ አንድ ጊዜ ተሰበሰበ። ዘጠኙ ስብሰባ፣ እንደ ድሬ ቀትር ደንብ፣ ለምሳና ለእንቅልፍ እንደተበተነ ሳይመለስ ቀረ። በቀሩት ሁለቱ ግን ሦስት ዕጩዎች ተለዩ፦ የወረቀት ፖስታ፣ ስስ ላስቲክ እና ጠንካራ የፕላስቲክ ሳጥን። ሦስቱም ሲዲ ይዘው ለሦስት ሳምንት ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ እንዲሰጡ ተወሰነ፤ የድሬን ፀሐይ የቻለ ሁሉን ይችላልና። ለሙከራው ባዶ ሲዲ መግዛት ጨረታ ይጠይቃል። ስለዚህ ከቅርሱ ሦስት በዕጣ ይውጣ ተባለ።

አየነው እጁን ሰድዶ መጀመሪያ ያወጣው ቁጥር 117ን ነበር። ዝናሽ ክው አለች። 117 የአባቷ የባቡር ነጂው የአቶ ክፍሉ ድምፅ ነው። ካረፉ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ድምፃቸው ከዚያች ሲዲ በቀር የትም የለም።

«ጋሼ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ይቺን ይተዉልኝ። አባዬ ነው።»

«እንግዲያው ኩሪ! አባትሽ ለሳይንስ ተመረጡ።»

«ጣሪያ ላይ ይቀልጣል እኮ!»

«ከቀለጠ ማሸጊያው ይወድቃል። ሙከራ ማለት ይኸው ነው።»

እንባዋን እየጠረገች ወጣች። በሩ ላይ የሰፈሯ ባጃጅ ነጂ ይሳቅ ቆሟል። ከባጃጁ ኋላ፣ ማታ መብራት ሲያርፍባቸው እንዲያብለጨልጩ የተሰቀሉ ሦስት አሮጌ ሲዲዎች ይወዛወዛሉ።

«አቦ ዝናሽ፣ ማን ሞተ?»

«ገና ነው። ይሳቄ፣ እነዚህን ሲዲዎች ስጠኝ።»

«ሁለት ዓመት ፀሐይ የጠጡትን? ምን ሊያደርጉልሽ?»

«ለሳይንስ ነው።»

ያን ቀን ቀትር፣ ኮሚቴው በየቤቱ ሲያንኮራፋ፣ ዝናሽ በይሳቅ ሲዲዎች ላይ ቁጥር ጻፈች። ከዚያም በዕጣ ከወጡት ጋር ለዋወጠቻቸው። አባቷን ወደ ቆርቆሮው መለሰች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ውጤቱ ተነበበ። የወረቀቱን ፖስታ ነፋስ ከነሲዲው ወደ ደቻቱ ወንዝ ወስዶታል፤ «ተንቀሳቃሽነቱ ከፍተኛ» ተብሎ ተመዘገበለት። ስሱ ላስቲክ ከሲዲው ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ብሏል፤ «ታማኝነቱ የላቀ» ተባለ። ጠንካራው ሳጥን ተጣምሞ የተከፈተው በአየነው መዶሻ ነበር፤ ውስጡ የነበረው 117 ግን ደህና ወጣ። እሰይ! አሸናፊው ታወቀ። ሦስት መቶ አርባ ሳጥኖች ከነባለመስተዋት ቁም ሳጥናቸው ተገዙ፤ ለምረቃውም እንግዳ ተጠራ።

«ክቡራን እንግዶች!» አሉ አቶ ኒቆዲሞስ። «ሰው ያልፋል፣ ባቡርም ይቆማል፣ ማሸጊያ ግን ለዘላለም ይኖራል! አሁን ሃያ አንድ ቀን በፀሐይ የተፈተነውን 117 ቁጥርን እንሰማለን።»

ዝናሽ ይህን አላሰበችበትም ነበር። ከታወቀባት ከሥራዋ መባረሯ ነው፤ ቆርቆሮውም ይበረበራል፤ አባቷም ጣሪያ ይወጣሉ።

ከኮምፒውተሩ የወጣው የሶማሌ የሰርግ ዘፈን ነበር፣ ከነከበሮው፣ ከነእልልታው።

«ሶማሊኛ ነው እንዴ?» አሉ አቶ ኒቆዲሞስ። «ዝናሽ፣ አባትሽ ይችሉ ነበር?»

«የድሬ ልጅ አይደል፣ ጋሼ? አራት ቋንቋ ነበር የሚችለው።»

«ፋርሒያ፣ ምንድን ነው የሚሉት?»

ዘፈኑ በራሷ ሰርግ ላይ የተዘፈነላት ፋርሒያ የዝናሽን ፊት አየች።

«ስለ ሐዲዱ ነው የሚያወሩት፣ ወላሂ።»

«ከበሮውስ?»

«መንኮራኩሩ ነዋ!»

«እልልታውስ?»

«ፊሽካው!»

የአቶ ኒቆዲሞስ ፊት በራ። «ሰማችሁ? ከመታሸጉ በፊት የጡረተኛ ሳል ብቻ ነበር። ማሸጊያው ዜማ ጨመረበት!» እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ሁለቱ ተነሥተው ጨፈሩ።

ሳጥኖቹ ሲዲ ከገባባቸው እንዳይቧጨሩ ተፈርቶ፣ ባዶአቸውን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተደርድረው ተቆለፈባቸው። ሲዲዎቹ ሌላ ጥናት እስኪካሄድ «በጊዜያዊ ማቆያ» ይቆዩ ተባለ። ጊዜያዊ ማቆያው የብስኩት ቆርቆሮው ነው።

በማግስቱ ቀትር ሁሉም ሲተኛ፣ ዝናሽ እውነተኛውን 117 ከጨርቁ ፈትታ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተችው። ፋርሒያም ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሳል መጣ። ዝናሽ ሳሉን ስትሰማ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ።

«ሃያ ስምንት ዓመት ነድቻለሁ» አሉ አቶ ክፍሉ ጎላ ባለ ድምፅ። «ባቡሬ አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም።» አሁንም አሳላቸው። «ሹማምንት ሊመርቁት ከመጡበት ቀን በቀር።»