የትርንጎ ቅባት

በሰው ገላ ላይ ሐኪም ያልሆነ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ጥርሴን አመመኝ ባልኩ ቀን፣ ደረቱን እየለካሁት የነበረ ደንበኛዬ ሳይቀር ነጭ ሽንኩርት አዞልኛል። እኔም ብሆን አልታማም፤ መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ በምትባል ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ግን ሰው ሲያስል ከሰማሁ መቀሴን አስቀምጬ ስለ ጤናዳም ማውራት እጀምራለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ያልደበቀው ደግሞ መድኃኒቱ ይበዛበትና የቱን እንደሚይዝ ይጨንቀዋል። ለማዘዝ ሁላችንም አለን። በሽተኛውን ቁጭ ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። በሽተኛው ልጅ ከሆነማ ጨርሶ።

ትርንጎ የእህቴ የአስካለ ልጅ ናት፤ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። ቀየት በምትባል መንደር አጠገብ ባለው በወላጆቼ ቤት ከእናቷና ከእናቴ ጋር ትኖራለች። አባቴም ነበሩ። ትርንጎ "አባባ" እያለች ከጎናቸው አትለይም ነበር፤ ገብሱ ሲታጨድ ታመው ሰነበቱና አረፉ።

የእሳቸው ሐዘን ሳይወጣ ውርጩ ገባ፤ ከውርጩ ጋር የልጅቷ ገላ ተነሣ። ክርኗና የጉልበቷ ማጠፊያ ደርቆ ተሰነጣጠቀ፤ ደም እስኪመጣ ማከክ ሆነ ሥራዋ። ጎረቤት "እከክ ነው" ሲል እናቴ ተቀየመች፤ ልጃችሁን አታጥቡም እንደ ማለት ነዋ! አስካለ መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ ይዛት መጣች፣ እኔም ሱቄን ዘግቼ አብሬ ገባሁ። ነርሷ አገላብጣ አየቻትና ችፌ መሆኑን፣ ከሰው ወደ ሰውም እንደማይተላለፍ ነገረችን። በለብታ ውሃ አጥባችሁ፣ ሳትፈትጓት አድርቃችሁ፣ ገላዋ ሳይደርቅ ይህን ቅባት ቀቧት፤ የምትደርበው የበግ ጠጉር ባና ገላዋን እንዳይነካት ከሥር ጥጥ አልብሷት አለች። ጥጡን ለእኔ ተዉት ብዬ ለስላሳ እጀ ጠባብ ሰፋሁላት። ነገሩ ሁሉ ያለቀ መሰለን።

ትርንጎ ግን አልቀባም አለች።

ልጅ አልቀባም ሲል በእኛ ቤት ምን እንደሚደረግ ታውቁታላችሁ፤ በእናንተም ቤት ያው ነው። መጀመሪያ ከረሜላ መጣ። ከረሜላውን በላችና አልቀባም አለች። ቀጥሎ መርፌ መጣ፤ "ነርሷ መጥታ ትወጋሻለች" ተባለች። ክንዷን ዘርግታ "ትውጋኝ" አለች። መርፌ የማይፈራ ልጅ አይቼ ስለማላውቅ ያኔ መጠርጠር ነበረብን፤ እኛ ግን እልኸኛ ናት፣ በአያቷ ወጥታለች ብለን ሳቅን። በመጨረሻ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው መጣ። እኔ እግሯን፣ አስካለ እጇን ያዝን፤ እናቴ "በስመ አብ" ብላ ቅባቱን ግንባሯ ላይ ስታስነካት ልጅቷ ያሰማችውን ጩኸት ዛሬም እሰማዋለሁ። እጄን ነክሳ አመለጠችና ከጎታው ኋላ ተወሸቀች። ሦስት አዋቂዎች ቅባት በቅባት ሆነን ተያየን። አንበሳዋ አልታሰረችም።

እንዲህ ሆነን ሳለ የንስሐ አባታችን ስለ አባቴ ተዝካር ሊነጋገሩ መጡ። ደግ ሰው ናቸው፤ የሰፈሩ ልጅ መስቀላቸውን ለመሳለም ይሽቀዳደማል። ትርንጎ ድምፃቸውን ስትሰማ ከጎታው ኋላ ሆና እንደገና እሪ አለች። አባ ደነገጡ። እናቴ በሐፍረት "ሰይጣን ነው እንጂ እሷስ እንዲህ አልነበረችም" ስትል እሳቸው በእጃቸው ዝም አሰኟትና ጎታው ሥር መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

"ትርንጎ፣ ምን አድርጌሽ ነው ልጄ?"

"ዘይቱን አመጡት?" አለች።

"የምን ዘይት?"

"የአባባን። ቀቧቸውና ሞቱ።"

አባቴ ሕመሙ በጠናባቸው ጊዜ አባ ጸሎት አድርሰው ግንባራቸውን፣ ደረታቸውንና መዳፋቸውን በዘይት ቀብተዋቸው ነበር፤ እንደ ደንቡ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም። ትርንጎ ግን አልጨረሰችም።

"ሰሃኑን የያዝኩት እኔ ነኝ" አለች።

እውነቷን ነው። ዘይቱ ያለበትን ሰሃን የያዘችው እሷ ነበረች። እናቴ ናት "የሕፃን እጅ ንጹሕ ነው፣ እሷ ትያዝ፤ ለሷ ሲል ይምርልናል" ብላ ያስያዘቻት። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። አያቷን በእጇ የገደለች መስሏት ያን ሁሉ ሳምንት ስትብሰለሰል፣ እኛ ደግሞ ስለ ክርኗ ስንጨነቅ ነበር። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እያልን ያደግን ሰዎች፣ ልጅ በሆዷ የያዘችው ለስንት ሌሊት እንደሚበቃ ማን ይንገረን? አስካለ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ታለቅሳለች። እናቴ መዳፏን ገልብጣ ታያለች።

ከሁላችን ማስተዋል የቀረው አባ ዘንድ ነበር። "አንቺ ምንም አላደረግሽም" አሏት። ደግመው አሏት። ቃል ብቻ እንደማይበቃ ገብቷቸው መሰለኝ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው በውርጭ የተሰነጠቀ እጃቸውን ወደ ጎታው ኋላ ዘረጉ። "የነርሷን ቅባት ቅቢኝ። ነገ ከቅዳሴ መልስ እመጣለሁ፤ ታዪኛለሽ።" እምቢ አለች። ራሳቸው ተቀቡና ወጡ።

በማግስቱ ትርንጎ ከደጃፉ አልነቃነቅ አለች። ቁርሷን አልነካችም። ቅዳሴ ወጣ፣ ሰዉ ወደየቤቱ ገባ፣ አባ የሉም። እኔ ሱቄን ረስቼ እዚያው ነኝ፤ እናቴ በልቧ ለስንቱ ታቦት እንደተሳለች እሷ ታውቃለች። ልጅቷ አታለቅስም፣ አትናገርም፤ መንገዱን ታያለች፣ ክርኗን ታካለች። ኋላ አባ እግራቸው ጭቃ ለብሶ ብቅ አሉ፤ ክርስትና ይዟቸው ኖሯል። ሮጣ ሄዳ እጃቸውን ያዘች። መስቀሉን አልተሳለመችም፤ እጃቸውን አገላብጣ ዳበሰች፣ ጣታቸውን አንድ በአንድ ሳበች። ከዚያ የራሷን ክንድ ዘረጋች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መጀመሪያ እሷ እኛን ትቀባለች፣ ቀጥለን እኛ እሷን። ገላዋ በአንድ ጊዜ አልዳነም፤ የመንዝ ብርድ እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ አይደለም። ቀስ በቀስ ግን ለሰለሰ፣ ማከኩም ቀነሰ። እኛም በምክራችን ሳይሆን በአንድ ሰው ትዕግሥት እንደተረፍን ረስተን፣ ልጅ እንዴት እንደሚያዝ ለጎረቤት ማስተማር ጀመርን።

የአባቴ ተዝካር የወጣ ዕለት፣ ሰው ሁሉ በልቶ ጠጥቶ ከተሸኘ በኋላ፣ ቤተሰቡ ከአባ ጋር ቁጭ ብለን ስናወጋ ትርንጎ መጥታ መሃላችን ቆመች።

"ዘይቱ አይገድልም አይደል?"

"አይገድልም" አልን ሁላችንም ባንድ አፍ። እፎይ ያለች መስሎን ደስ አለን።

"እኔም አልገደልኳቸውም?"

"አልገደልሽም የኔ እናት!"

አሰብ አደረገች። "እንግዲያ አባባ ለምን ሞቱ?"

ለሁሉ ነገር ምሳሌ ያለን ሰዎች ነን። አባን አየኋቸው፤ መስቀላቸውን ያያሉ። አስካለ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

እናቴ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ "በይ አንቺ፣ ሂጂ ውጪና ተጫወቺ" አለቻት።

ወጣች። ተጫውታም እንደሆነ ግን የተመለከተ የለም።