ክቡር ከሥሩ እና ባክቴሪያ በላው

በየሰፈሩ «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ መመለስ የማይችል አንድ ሰው አይጠፋም። ዝናብ ይመጣል ወይ ብላችሁ ጠይቁት፤ ስለ ደመና አፈጣጠር ተናግሮ ሳይጨርስ ትበሰብሳላችሁ።

የእኛ ሰፈር ሰው ከእኔ አንድ ግድግዳ የሚለያቸው ጎረቤቴ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በቤተ ሙከራ ጀርም ሲያረቡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። «ነገሩን ከሥሩ እንያዘው» ሳይሉ ወሬ ስለማይጀምሩ እህቴ «ክቡር ከሥሩ» የሚል ማዕረግ ሰጥታቸዋለች። ማዕረጉን ሰምተዋል፤ አልተቃወሙም። እንዲያውም «ክቡር» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ሊያስረዱን ሞክረው ነበር።

አንድ ቀን የማዶዋ ጎረቤታችን ወተት ይዛ መጥታ «ይጠጣል ወይስ ተበላሽቷል?» አለቻቸው። ክቡር ከሥሩ ወተት ለምን እንደሚረጋ ጀመሩ። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ «ወተት ይዤ ሄጄ እርጎ ይዤ ተመለስኩ» እያለች ታማቸዋለች።

በቤታቸው ስምና ቀን ያልተለጠፈበት ዕቃ የለም። የጨው ማሰሮው ላይ «ጨው፤ የተከፈተው ሰኞ» የሚል ወረቀት አለ። በሙያቸው ምንነቱ ያልተጻፈ ፈሳሽ ይደፋል እንጂ አይቀመጥም። ይህንን ሕግ እኛም ቤት ሥራ ላይ አውለውት ያውቃሉ፤ የእህቴን የስፌት መኪና ዘይት «የማይታወቅ ፈሳሽ ነው» ብለው ደፉባት። እህቴ ሳምንት ሙሉ አኮረፈቻቸው። እሳቸው ግን በጤናዋ ላይ ሊደርስ የነበረውን አደጋ ሳምንቱን ሙሉ በግድግዳው በኩል ሲያስረዱ ሰነበቱ።

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ባለቤቴ የሞተች ጊዜ ለሳምንት ብላ መጣች፤ ከዚያ የስፌት መኪናዋን አስመጣችና ቀረች። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ነን።

ባለፈው ዓመት የጨርቅ መቀስ ከጠረጴዛ ወድቆ ቁርጭምጭሚቷን ወጋት። ቁስሉ አልድን አለ። ክኒን ተቀየረ፤ መርፌ ተቀየረ፤ ቁስሉ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። እህቴ ሆስፒታል ተኛች። በመጨረሻ ወጣቷ ሐኪሟ ሁለት መንገድ ብቻ እንደቀረ ነገረችን። አንደኛው እግሩን መቁረጥ ነው። ሁለተኛው ከመድኃኒቱ ጋር ቫይረስ ሰጥቶ መሞከር ነው።

«ባክቴሪዮፋጅ ይባላል። እስከ ሐሙስ አስባችሁ ንገሩኝ» አለችና የስምምነት ፎርም ሰጥታን ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደች።

እኔ የማውቀው ቫይረስ የጉንፋኑን ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብኝ። የታመመ ሰው እንዴት ሌላ በሽታ ይታዘዝለታል?

እህቴ ፎርሙን ትራሷ ሥር ከተተችው። «እኔ ያልገባኝን ነገር ገላዬ ውስጥ አላስገባም። መጀመሪያ አንተ ይግባህና ንገረኝ።»

«እኔም አልገባኝም እኮ።»

«እንግዲያው ያንን ጎረቤትህን ጠይቅ። ዘይቴን የደፋብኝን ያህል እንኳ ይጥቀመኝ።»

ሄድኩ። በራቸው ላይ እንደቆምኩ ሐኪሟ ያለችውን ነገርኳቸውና «አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ አዎ ወይም አይ ይበሉኝ። ትውሰደው?» አልኳቸው።

«ነገሩን ከሥሩ እንያዘው» አሉ።

ሥሩ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። አንድ ተመራማሪ ሳህን ላይ ያረባው ጀርም እንደ መስታወት እየጠራ ሲጠፋበት አየ፤ ምን እንዳጠፋው ግን እርግጠኛ አልነበረም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሌላ ተመራማሪ በሌላ አገር ያንኑ ነገር አየና ስም አወጣለት። ባክቴሪዮፋጅ፣ በአጭሩ ፋጅ፣ ያለው ከጥንት ግሪኮች ቋንቋ ወስዶ ነው፤ ባክቴሪያ በላ እንደማለት። እስከዚህ ድረስ ተከትያቸዋለሁ።

«ስለዚህ ባክቴሪያውን ይበላዋል» አልኩ።

«አይበላውም።»

«አሁን በላ ነው አላሉኝም?»

«ስሙ ነው በላ። እሱማ አይበላም። ባክቴሪያው ላይ ያርፍና የራሱን ዘር ወደ ውስጥ ያስገባል። ባክቴሪያው ሳይወድ በግዱ የእሱን ልጆች ሲሠራ ቆይቶ ይፈነዳል።»

«ታዲያ ለምን በላ አሉት?»

«ስም ሲያወጡለት መች አዩት? ብርቱ ማጉያ መሣሪያ መጥቶ መልኩ እስኪታይ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቷል። እስከዚያ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ አይደለም፣ እየተባለ ሲያጨቃጭቅ ነበር።»

«ሕይወት አለው ወይስ የለውም?»

ፊታቸው በራ። «እሱንም ከሥሩ...»

ቤቴ ስገባ ከመውጣቴ በፊት ያውቅ የነበረውን እንኳ ጭንቅላቴ ረስቶታል። ቃሉን ከነትውልዱ አውቄዋለሁ፤ የእህቴን እግር ምን እንደማደርገው ግን አላውቅም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ስደርስ ክቡር ከሥሩ ከራቫት አስረው ቀድመውኝ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል። የጠራቸው የለም። ከእህቴ የስፌት ቦርሳ የሸሚዝ ቁልፎች አውጥተው ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግተዋል፤ በእጃቸው አንድ የስፌት መርፌ ይዘዋል።

«ቁልፎቹ ባክቴሪያ ናቸው። መርፌዋ ፋጇ ናት።»

«ፋጅ ሲሉኝ የሚፈጀኝ ነው የሚመስለኝ» አለች እህቴ።

«እርስዎን አትፈጅም። እያንዳንዷ የምታውቀው የራሷን ዓይነት ባክቴሪያ ብቻ ነው። ሌላው ላይ አታርፍም። የሰውን ገላ አትነካም።»

እህቴ መርፌዋን ተቀብላ አገላበጠቻት። «እንደ መርፌ ቁጥር ነዋ! የቆዳው መርፌ ሐር አይሰፋም፤ የሐሩም ቆዳ አይበሳም።»

እኔ ሁለት ቀን ያቃተኝን እሷ በአንድ መርፌ ጨረሰችው።

ከዚያ ቁልፎቹን ሰብስባ ወደ ጎን አደረገችና «እሺ፣ ይሄን ሁሉ ይተዉት። እድናለሁ?» አለቻቸው።

ከሥሩ እስኪሉ ጠበቅሁ። አላሉም። ከራቫታቸውን ነካኩ፤ እግሯን አዩ።

«አላውቅም» አሉ።

ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ የሰማሁት ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ባለቤቴ የሞተች ቀን ምክንያት የጠፋው ሰው አልነበረም። አንዱ ዘግይታ ነው የታከመችው አለኝ፤ ሌላው ድካሟን አነሳ። እኔ ክቡር ከሥሩን በር ላይ ይዤ «ለምን?» አልኳቸው። «አላውቅም» አሉና አጠገቤ ተቀመጡ። እስኪመሽ ድረስ ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

እህቴም ያን ቀን እዚያ ነበረች።

እጇን ወደ ትራሷ ሥር ሰደደች። «ይሄ ሰው የማያውቀውን አላውቅም ካለ የቀረውን ያውቀዋል ማለት ነው። እስክሪብቶ አምጣ።»

ይህ ከሆነ ሰባት ወር አለፈ። እግሯ አለ። ትንሽ ታነክሳለች፤ የስፌት መኪናዋን ፔዳል ግን በዚያው እግር ትረግጣለች። ያዳናት ቫይረሱ ነው ወይስ መድኃኒቱ ብዬ ሐኪሟን ብጠይቃት «ለይቶ መናገር ያስቸግራል» አለችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ እህቴ ሥራዋን አቁማ ጠባሳውን እያሸች ጠራችኝ። «ሂድና ቁስል ሲድን ለምን እንደሚያሳክክ ጠይቅልኝ።»

«ራስሽ አትጠይቂም?»

«እኔ ሥራ አለኝ። አንተ ሂድ፤ ከጠዋት ጀምሮ ከሰው ጋር አልተነጋገርክም።»

ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ቆየሁ። ለምን እንደሚያሳክክ አሁንም በደንብ አልገባኝም፤ ነገ ተመልሼ እጠይቃለሁ።