ሻለቃ ሕዝቅኤል የመካኒሳን ቦይ ያለ ፈረስ እንደ ዘለሉ

በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኀ ሐምሌ፣ ልዑለ ኮርቻ ሻለቃ ዶክተር ሕዝቅኤል፣ ፈዋሴ አፍራስ ወአብቅል፣ በጡረታ ዙፋን በተቀመጡ በዘጠነኛው ዓመት፣ የመካኒሳም መንገድ ለቧንቧ ተቆፍሮ በተረሳ በሰባተኛው ወር፣ እንዲህ ሆነ።

እኒህ ጀግና በሠራዊቱ የእንስሳት ሐኪም ሳሉ ሦስት ቀን በሚፈጀው የፈረስ ግልቢያ ውድድር ተሰልፈው፣ በመጀመሪያው ቀን ፈረሳቸውን በሥርዓት አራምደው፣ በሁለተኛው ቀን ሊዘለል ከተዘጋጀው ኩሬ አፋፍ ሲደርሱ ፈረሱ ቆሞ እርሳቸው ብቻቸውን አልፈው ነበርና፣ ሦስተኛው ቀን ያለ እርሳቸው ተፈጸመ። ስለዚህም የጥንት ጀግኖች በፈረሳቸው ስም «አባ እገሌ» ሲባሉ እርሳቸው ያለ ፈረስ ስም ቀሩ፤ ይህም ከወገባቸው ሕመም ይልቅ ያንገበግባቸው ነበር።

በይእቲ ዕለት የባለጋሪዋ የገላኔ ፈረስ ሽንኩርት እንደ ጫነ ዝናብ በሞላው ቦይ ላይ ከተጋደሙት ሳንቃዎች ፊት ደርሶ ንቅንቅ አልል አለ። ከኋላው አራት ታክሲ ተገተረ። ሻለቃውም ከደጃቸው ወጡ፤ የተከተሏቸውም ጭፍሮች ሁለት የጎፋ ወያሎች፣ አንድ ተራ አስከባሪ፣ ቲማቲም ሻጯ ሀኒፋ፣ ለቀብር የረፈደበት ዲያቆን፣ ሥራ የፈታም ሕዝብ ነበሩ። ሻለቃውም አዋጅ አስነገሩ፦ «የሰማህ ላልሰማ ንገር! ይህ ፈረስ ውኃ ፈርቷል። የፈራ ፈረስ ማስዘለል የእኛ ሙያ ነው። ከጋሪው ፍቱልን!» ገላኔም በበኩሏ «ኧረ ዶክተር፣ መጀመሪያ እግሩን ይዩለት!» ብላ አወጀች፤ ነገር ግን የባለጋሪ አዋጅ ማን ይሰማል?

ወእምዝ ሻለቃው በሁለቱ ወያሎች ተደግፈው ኮርቻ በሌለው ፈረስ ላይ ወጡ፤ ተረከዛቸውንም ባሳረፉ ጊዜ ፈረሱ ሁለት እርምጃ አነክሶ ቆመ፤ እርሳቸው ግን ከቃላቸው የማይመለሱ ነበሩና ጉዟቸውን ቀጠሉ። ቦዩም እስከ መነጽራቸው ተቀበላቸው።

ገላኔ የፈረሱን የፊት እግር አንሥታ ከኮቴው ሥር የቢራ ቆርኪ በጣቷ ፈልቅቃ አወጣች፤ ፈረሱም ዳግመኛ ተጠምዶ ጋሪውን ስቦ እንደ ሙሽራ ተሻገረ። ሠላሳ ዓመት ኮቴ ሲያክሙ የኖሩ ሰው ያችን አንዲት እግር አለማንሣታቸውን ስጽፍ፣ እኔ ጸሐፊው አፈርሁ። ሕዝቡ ግን ከቦዩ አውጥቶ በእልልታ «አባ ቆርኪ!» ብሎ ሰየማቸው።

በማግሥቱም ከሁለቱ ወያሎች አንዱ ከታክሲው በር «አባ ቆርኪ! ጎፋ ነው፣ ግቡ!» ብሎ ባወጀ ጊዜ፣ ሻለቃው ጎፋ ምንም ጉዳይ ሳይኖራቸው ደረታቸውን ነፍተው ገቡ። ፈረስ የጣለው ብዙ ነው፤ ፈረሱን ቀድሞ ከውኃ የገባ ግን ከአባ ቆርኪ በቀር አልተነሣም፣ አይነሣምም!