የኦቾሎኒ ቅቤ በሁዳዴ

ለመሆኑ የምግብ ስም የሚጾም ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የሞላሌዋ አክስቴ እንዲያ ነበሩ። በሁዳዴ ከሕመም ገና ሳያገግሙ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሙዝ ቆራርጣ የኦቾሎኒ ቅቤ ቀብታ አቀረበችላቸው።

«ሙዙ ቶሎ ጉልበት ይሰጥዎታል፤ ኦቾሎኒው ደግሞ ረሃብ ያስታግሳል» አለቻቸው።

«ቅቤ? በሁዳዴ?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። የተፈጨ ኦቾሎኒ ነው ብንላቸው ማን ይስማን! እህል ከቀመሱ ሁለት ቀን ሆኗቸው ነበርና ፈርተን የንስሐ አባታቸውን ከቅዳሴ መልስ ጠራናቸው።

አባ አንዷን ቀመሱ። እርግጠኛ ለመሆን ሁለተኛዋን ደገሙ። እንዲህ ባለ ከባድ ጉዳይ መቸኮል ይገባል እንዴ? ሳህኑ ባዶ ሲሆን «የጾም ነው» ብለው ፈረዱ።

አክስቴ ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «በይ ልጄ፣ ለእኔም አምጪልኝ» አሏት። «ግን መጀመሪያ አባን ሸኚልኝ።»