ዮናስ የቀለባቸው ሦስት ኳሶች

አበሻ በሚበዛበት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ አንድ ወላጅ ስለ ልጁ ተጠይቆ መልሱ አጭር ከሆነ፣ ልጁ ተሳክቶለታል ማለት ነው። «ዶክተር ናት»፣ «ኢንጂነር ነው»፤ አለቀ። መልሱ ከረዘመ ግን፣ አስተዋይ ከሆናችሁ፣ ወሬውን ወደ ፓርኪንግ ችግር ታዞሩታላችሁ።

የጎረቤቴ የጋሼ መኮንን መልስ ለዓመታት ረጅም ነበር። ልጃቸው ዮናስ በየትንንሹ ከተማ እየዞረ ለደመወዝ ቤዝቦል ይጫወት ነበር፤ ትልቁ ሊግ ግን አልደረሰም። «ሥራው ትራቭል ይበዛዋል» ይሉ ነበር። አንድም ቀን ሄደው አላዩትም። አምና አንድ ኮሌጅ በአሰልጣኝነት ሲቀጥረው መልሳቸው ባንዴ አጠረ፤ «ኮሌጅ ያስተምራል»። ምን እንደሚያስተምር የጠየቃቸው የለም። እኔም አፌን ያዝኩ።

አንድ ቅዳሜ ወደ ኮሌጁ ጨዋታ እንድወስዳቸው ጠየቁኝ። ከሰፈራችን ከዌስት አዳምስ ስንወጣ ዮናስ ካቸር እንደነበረ፣ ካቸር ማለትም ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀልብ እንደሆነ አስረዳኋቸው።

«ስቀልብ የኖርኩትስ እኔ ነኝ» አሉ።

«ነበረ» ያልኩትን ግን አልሰሙም ኖሯል። ጨዋታው ሳይጀመር ደረስን። ዮናስ አባቱን ኮትና ክራቫት ለብሰው ሲያያቸው ኮፍያውን አውልቆ ወደ አጥሩ መጣ።

«መቼ ነው የምትገባው?» አሉት።

«አባዬ፣ እኔ አልጫወትም እኮ። ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

ጋሼ የአጥሩን ሽቦ ያዙ። «ትንሽም?» አሉ።

ዮናስ ከአንዱ ተጫዋች ጭምብልና ጓንት ተውሶ ቁጢጥ አለ። ጉልበቱ ሲንቋቋ ከአጥሩ ማዶ ሰማነው። ሦስት ኳስ ተወረወረለት፤ ሦስቱንም ቀለበ። ኳሱ ጓንቱ ውስጥ ሲጮህ ጋሼ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ በሦስተኛው ግን አልጨፈኑም። ሊነሳ ሲል ጉልበቱ እምቢ አለው፤ ሁለት ተጫዋቾች ደግፈው አነሱት። እሱ ሳቀ። ጋሼ አልሳቁም።

ጨዋታውን እስከ መጨረሻው አዩ። ስንመለስ ሀይዌዩ ተዘጋግቶ ቆምን።

«እጁ ፈጣን ነው» አሉ በመጨረሻ።

አሥር ዓመት ኳስ ሲቀልብ የኖረ ሰው ከአባቱ ያገኘው የመጀመሪያ ምስጋና ይኸው ነው፤ የሰማሁት ደግሞ እኔ። ለራሱ ቢነግሩት እንደሚሻል አልኳቸው።

«አንተ መንገዱን እይ» አሉኝ።

ከፊታችን ያሉት መኪኖች ንቅንቅ አላሉም።