ማዳም ናማሎምባ ሰፌድ የመለሱ ቀን

አንድ ተራ ማክሰኞ ማዳም ናማሎምባን ምን እንደሚያስከፍላቸው ልንገራችሁ። ጠዋት ግማሽ ድምፃቸውን፣ ከሰዓት የቀረውን ግማሽ። ጉልበታቸውን፤ አንደኛ ክፍል መሬት ላይ ስለሚቀመጥ ደብተር የሚታረመው ተንበርክኮ ነው። እስክሪብቶአቸውን፤ «ማዳም ያውሱኝ» የሚል ሞልቷል፣ የሚመልስ ግን ገና አልተወለደም። ማለዳ ተቀድቶ መስኮት ላይ የተቀመጠ አንድ ኩባያ ሻይም አለ፤ እሱን የሚጠጣላቸው ዝንብ ነው።

በየትምህርት ቤቱ አንድ «ይሄ የመጨረሻዬ ነው» የሚል አስተማሪ አይጠፋም። ከጠፋ ትምህርት ቤቱ ገና ተሠርቶ አላለቀም ማለት ነው። የእኛዋ ክብርት ተሰናባች ማዳም ናማሎምባ ናቸው። ጠመኔ ሲሰበርባቸው ይሄ የመጨረሻዬ ነው ይላሉ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይሄ የመጨረሻዬ ነው ይላሉ። አንድ ቀን ሲያነጥሱ እንኳን ብለውታል። ሲለቁ የሚሠሩትም ታውቋል፤ ዞምባ ገበያ ከእህታቸው ጎን ተቀምጠው ማንዳሲ የምንለውን ጣፋጭ የሊጥ ድብልብል ይጠብሳሉ። «ማንዳሲ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይንጫጫል እንጂ፣ ‹ማዳም፣ እሱ መታኝ› አይልም» ባይ ናቸው።

በእኛ መንደር ደግሞ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሸኝም። ሴቶች እየጨፈሩ ቺቴንጄ የምንለውን ባለአበባ ሽርጥ ያለብሱታል፣ የመንደሩ አለቃ ይመርቁታል፣ ዶሮ ይታቀፋል። የመጀመሪያውን ስንብት ከልባችን አመንን። ጨፈርን፣ አለቀስን፣ አውራ ዶሮ ሰጠን። ሰኞ ማለዳ ትምህርት ቤቱ ግቢ ማንጎው ላይ እንደ ደወል የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ ሲደወል ወጥተን ብናይ፣ የሚደውሉት ማዳም ናቸው፤ ያለበስናቸውን ቺቴንጄ አገልድመው። አለቃው ሄደው ስለ ዶሮው ቢጠይቁ፣ ዶሮውማ አልተመለሰም፣ ተበልቷል አሏቸው።

ሁለተኛውንም አመንን፤ ጥሩ ሰዎች ነን። ሦስተኛው ላይ አለቃው ከእንግዲህ ማዳምን የምንሸኘው አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠው ስናያቸው ብቻ ነው ብለው አወጁ። ከዚያ ወዲህ ማዳም ይሄ የመጨረሻዬ ነው ሲሉ መልሳችን አንድ ሆነ፤ «እሺ ማዳም፣ ሰኞ እንገናኝ።»

ዘንድሮ ዝናቡ ሲያባራ ማዳም ቤቴ መጡና ሰፌዴን መለሱልኝ።

ሰፌዱን ከተዋሱት ቆይተዋል፤ መኖሩንም ረስቼዋለሁ። ታጥቧል፣ ባዶውንም እንዳይሆን እፍኝ ለውዝ ተደርጎበታል። በእኛ አገር ጎረቤት ሰፌድ ይዋሳል እንጂ አይመልስም። የሚመልስ ዕቃውን እየሸከፈ ያለ ሰው ነው። ደንግጬ ትምህርት ቤት እንዴት ነው አልኳቸው።

«ደህና ነው» አሉ።

ደህና! ይሄ የመጨረሻዬ ነው አላሉም፣ አላማረሩም፣ ማንዳሲም አላነሱም። ልጄ ታኮንድዋም ያን ማታ፣ ማዳም ዛሬ ጭራሽ አልተቆጡንም አለችኝ። ታኮንድዋ በዚያ ሰሞን ገና ማንበብ መጀመሯ ነው። የጨው ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል እየለቀመች ስታነብልኝ ወጡ አርሮብኝ ነበር። ማዳም ከሄዱ አንደኛ ክፍል ከሁለተኛ ጋር ይቀላቀላል፤ በዚያ ግርግር ውስጥ የእሷን ጨው ማን ይሰማል?

በነጋታው ውሃ ጉድጓዱ ጋ ወሬውን ስናገር የቺሞምዎ እናት ቶሎ ብላ አዋጥተን ቺቴንጄ እንግዛላቸው አለች።

«አንቺ ሴት፣ እንዳይሄዱ ነው ወይስ አምረው እንዲሄዱ?» አልኳት።

ሌላው ቢቀር ሄዶ መጠየቅ አይከፈልበትም ብዬ ሄድኩ። ማዳም ምን ቢደረግልዎ ይቀራሉ? ቤት ይሉኛል፣ ጣሪያ ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። 

«ሻይ፣ የታኮንድዋ እናት። ትኩስ ሻይ። ቁጭ ብዬ።»

በዚህ መሠረት እናቶች በየተራ፣ ረፋዱ ላይ ማዳም ሻይ እስኪጠጡ ክፍሉን እንድንጠብቅ ተስማማን። ሐሳቡ የእኔ ነውና የመጀመሪያው ተራም የእኔ ሆነ። ከመቶ በላይ ሕፃን! ተረት ጀመርኩላቸው፤ ጥንቸሏን ከጉድጓዷ ሳላወጣት አንዱ ሽንቴ መጣ አለ፤ ወዲያው የግማሹ ክፍል ሽንት መጣ። ዝም በሉ ስል «ዝም በሉ» እያሉ ይጮሃሉ። አንዷ ቁጥር የሚማሩበትን ባቄላ አፍንጫዋ ውስጥ ከተተች። ባቄላውን ሳወጣ ሌላው የእኔም አለ፤ እሱ ደግሞ በጆሮው ነው። የገዛ ልጄ እንኳን ካንገቷ ቀና ብላ፣ እማዬ፣ ማዳም እንደዚህ አይደለም የሚያደርጉት አለችኝ።

ማዳም ከንፈራቸውን እየጠረጉ ሲመጡ፣ ከጉሮሮዬ የወጣው ድምፅ የእኔ አልመሰለኝም፤

«ማዳም፣ ይሄ የመጨረሻዬ ነው።»

የበሩን መቃን ይዘው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «እሺ የታኮንድዋ እናት» አሉ፣ «ሰኞ እንገናኝ።»

ሰኞ ተገናኘን። በቀጣዩ ሰኞ ደግሞ ተራው የቺሞምዎ እናት ነበር፤ እሷም ድምፅ አልባ ሆና ወጣች። የትምህርት ወቅቱ መጨረሻ ሲቃረብ ማዳም እየተነጫነጩ ደጄ ቆሙ። ጠመኔው ፍርፋሪ ነው፣ ዳይሬክተሩ እንቅልፋም ነው፣ ይሄ የመጨረሻዬ ነው፣ አሉና ጨመሩ፤

«ሰፌዱን እስቲ መልሰሽ አውሺኝ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አውሼ አላውቅም። እንዳይመልሱት ማስማል ብቻ ነው የቀረኝ።

ስለ እሳቸው ልጽፍ መሆኔን ስነግራቸው፣ ደግ አድርገሽ ጻፊኝ አላሉም። ለሚያነቡት አንድ ነገር ንገሪልኝ ብቻ አሉኝ። ቃላቸው ይኸው፤

«አስተማሪ መንገድ ላይ ስታገኙ ስለ ልጃችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ሻይ ጠጥተሻል ወይ በሏት። አልጠጣሁም ካለቻችሁ፣ እስክትጠጣ ድረስ ግቡና ልጆቹ ጋ ተቀመጡላት። ስትገቡ ግን አደራ፣ መጀመሪያ ባቄላውን ሰብስቡ።»